በሌላ ልጅ ስም፦ የሞ ፋራህ ምስጢርና የብሪታኒያ ምላሽ

የረጅም ርቀት ሯጩ ሰር ሞ ፋራህ በልጅነቱ በሌላ ልጅ ስም ወደ ብሪታኒያ መወሰዱንና ለዓመታት በሰው ቤት በአገልጋይነት መኖሩን ለሕዝብ የገለጸው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በዚያን ጊዜ የአራት የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳሊያዎች ባለቤት፣ የሰርነት ማዕርግ የተሰጠውና ስሙ በአገሪቱ ሕፃናት ሁሉ አፍ የሚጠራ ሰው ነበር። ምስጢሩን ሠላሳ ዓመት ያህል ይዞ መቆየቱ በሕዝቡም ሆነ በመንግሥቱ ዘንድ ያን ያህል አልተቆጠረበትም፤ ይልቁንም መዘግየቱ የመከራው ምልክት ተደርጎ ተወሰደለት። ሆኖም የዚያው አገር ፓርላማ ከሁለት ወር ተኩል በፊት ባጸደቀው ሕግ፣ በሰው መነገድ ተጎዳሁ የሚል ጥገኝነት ጠያቂ ታሪኩን ዘግይቶ ከተናገረ ቃሉ የመታመን ክብደቱ እንዲቀነስበት ተደንግጎ ነበር። የፋራህን ታሪክ ከመነሻው ተከትሎ ማንበብ የሚያስፈልገው ለታዋቂው የተሰጠው እምነት ስም ለሌለው ልጅ ለምን እንደተነፈገ ለመረዳት ነው።

ዛሬ ዓለም ሞ ፋራህ ብሎ የሚያውቀው ሰው በ1983 ሲወለድ የወጣለት ስም ሁሴን አብዲ ካሂን ነው። የትውልድ አካባቢው ገቢሌ ከሐርጌሳ በስተምዕራብ፣ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኝ የእርሻ አገር ሲሆን፣ የእርሱ ልጅነት የሰሜን ሶማሊያ ሕዝብ ከዚያድ ባሬ መንግሥት ጋር ደም ከተቃባበት ዘመን ጋር ተገጣጠመ። በሜይ 1988 የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ የተባለው አማፂ ድርጅት ሐርጌሳንና ቡርዖን ባጠቃ ጊዜ መንግሥቱ የገዛ ከተሞቹን በአውሮፕላንና በመድፍ ደበደበ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። በጅጅጋ አካባቢ የተቋቋመው የሐርቲሼክ የስደተኞች ጣቢያ በጊዜው በዓለም ላይ ከነበሩት ትልልቅ ጣቢያዎች አንዱ ለመሆን የበቃው በዚህ ምክንያት ነበር። የሁሴን አባት በዚያ የእርስ በርስ ግጭት ዘመን፣ ልጁ አራት ዓመት ሲሆነው፣ በተኩስ ሕይወቱ አለፈ፤ እናቱ ከነልጆቿ ቀረች። ኋላም ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ከቤቱ ተወስዶ በጂቡቲ ከሚኖሩ ዘመዶች ዘንድ ተቀመጠ።

ልጅን ከዘመድ ቤት ማስቀመጥ በአፍሪካ ቀንድ ሕዝቦች ሁሉ ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው። ድርቅ ወይም ጦርነት በመጣ ጊዜ፣ ወይም ልጁ እንዲማር በተፈለገ ጊዜ፣ ከተማ ወዳለች አክስት ወይም ባሕር ማዶ ወዳለ አጎት መላክ የወላጅ ፍቅር መግለጫ እንጂ ልጅን መጣል ተደርጎ አይታይም፤ ብዙዎችም በዚህ መንገድ ከሞት ተርፈዋል፣ ለወግ ለማዕረግም በቅተዋል። በሰው የሚነግዱ ሰዎች ጥቅም የሚያገኙትም ከዚሁ መተማመን ላይ ነው፤ ልጁን አደራ የሚሰጠው ሰው አደራውን የሚቀበለው ማን እንደሆነ አጣርቶ ለማወቅ በጦርነት መካከል አቅሙም ጊዜውም የለውምና። የሁሴንም ነገር እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በፊት አይቷት የማያውቃትና ምንም ዝምድና የሌላት ሴት፣ አውሮፓ ወዳሉ ዘመዶችህ እወስድሃለሁ ብላ በአውሮፕላን ይዛው ስትሄድ፣ በጉዞ ሰነዱ ላይ የእርሱ ፎቶግራፍ የተለጠፈው ሞሐመድ ፋራህ ከተባለ ሌላ ልጅ ስም አጠገብ ነበር፤ ስሙን ሲጠየቅም ሞሐመድ ነኝ እንዲል ታዘዘ።

በሰው መነገድ የሚባለው ወንጀልና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር የሚባለው ወንጀል በተለምዶ ቢቀላቀሉም በሕግ የተለያዩ ናቸው። ድንበር ማሻገር በአገሮች ሕግ ላይ የሚፈጸም ድርጊት ሆኖ፣ ከፋዩና አሻጋሪው ብዙውን ጊዜ ድንበሩ ላይ ይለያያሉ፤ በሰው መነገድ ግን በራሱ በሰውየው ላይ የሚፈጸም ሲሆን ዓላማውም ከደረሰ በኋላ ጉልበቱን ወይም አካሉን መበዝበዝ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2000 ያጸደቁት የፓሌርሞ ፕሮቶኮል ለልጆች የተለየ ድንጋጌ አስቀምጧል፤ ተጎጂው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ማታለል ወይም ማስገደድ ስለመኖሩ ማረጋገጥ አያስፈልግም፣ ለብዝበዛ ሲባል መወሰዱ ብቻ በቂ ነው። ይሁን እንጂ ሁሴን ሎንዶን ሲደርስ ይህ ፕሮቶኮል ገና አልተጻፈም ነበር። በብሪታኒያም ሰውን ለጉልበት ብዝበዛ ማዘዋወር ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ የተደነገገው በ2004 በመሆኑ፣ ልጁ በዚያ ቤት ባሳለፋቸው ዓመታት የደረሰበትን ነገር በስሙ የሚጠራ የአገር ሕግ አልነበረም።

በምዕራብ ሎንዶን በሃውንስሎ በሚገኘው የሴትዮዋ መኖሪያ ቤት እንደደረሱ፣ ሴትዮዋ የዘመዶቹ አድራሻ የተጻፈበትን ወረቀት ከእጁ ተቀብላ ዓይኑ እያየ ቀዳደደችና ከቆሻሻ መጣያ ጣለችው። ከዚያ በኋላ ምግብ ለማግኘት የቤት ሥራ መሥራትና የቤቱን ልጆች መንከባከብ ግዴታው ሆነ፤ ቤተሰቡን ዳግመኛ ማየት ከፈለገ ለማንም ምንም እንዳይናገር፣ ከተናገረ ግን ተይዞ እንደሚወሰድ ተነገረው። ይህ ማስፈራሪያ በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ የቤት ውስጥ ባርነት የሚባለው ብዝበዛ ዋና መሣሪያ ነው። በሰንሰለት የታሰረ ሰው የለም፣ በሩም አይቆለፍ ይሆናል፤ ልጁን የሚይዘው ከቤቱ ውጭ ያለው መንግሥት ከቤቱ ውስጥ ካለችው ሴት ይልቅ የሚያስፈራ መሆኑን ማመኑ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ትምህርት ቤት እንዳይሄድ ከተከለከለ በኋላ፣ 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው በፌልተም የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ተመዘገበ። ለትምህርት ቤቱ የተነገረው ከሶማሊያ የመጣ ስደተኛ መሆኑ ብቻ ነበር። እንግሊዝኛ እምብዛም የማይናገር፣ ልብሱ ያልተጠበቀ፣ ወላጆች ነን የሚሉት ሰዎች በወላጆች ስብሰባ ላይ የማይታዩለት ልጅ መሆኑን መምህራኑ አስተውለው ነበር፤ ነገር ግን ማስተዋልና መጠየቅ ለየብቻ ናቸው። በ1989 የወጣው የሕፃናት ሕግ አንድ ልጅ የቅርብ ዘመዱ ካልሆነ ሰው ጋር ለ28 ቀንና ከዚያ በላይ ሲኖር ለአካባቢው አስተዳደር እንዲገለጽ ያዝዝ የነበረ ቢሆንም፣ ሐሰተኛ ወላጅ ያለው ልጅ በወረቀት ላይ ከወላጆቹ ጋር እንደሚኖር ስለሚቆጠር ሕጉ ሊደርስለት አልቻለም። የስፖርት መምህሩ አለን ዋትኪንሰን ግን ልጁ ሜዳ ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው እንደሚሆን ተመለከቱ፤ እያደርም ልጁ እውነተኛ ስሙንና ያለበትን ሁኔታ ለእርሳቸው ገለጠላቸው። መምህሩ ጉዳዩን ለማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት አሳወቁ፤ ሁሴንም ከዚያ ቤት ወጥቶ በአንዲት ሶማሌያዊት እናት ቤት በአደራ ተቀመጠና ሰባት ዓመት ያህል እንደ ልጅ ኖረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው አንድ ልጅ አንድን ጎልማሳ አምኖ መናገሩና ጎልማሳውም ሰምቶ መነሣቱ ነው፤ የአገሪቱ ተቋማት ሁሉ ሊያደርጉት ያልቻሉትን አንድ መምህር አደረጉት። ሆኖም እርዳታው ራሱ ሐሰተኛውን ስም አጸናው። ልጁ 14 ዓመት ሲሞላው የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶችን ወክሎ ላትቪያ ውስጥ እንዲሮጥ ተጠርቶ የጉዞ ሰነድ ስላልነበረው መሄድ ሳይችል ቀረ፤ መምህሩ በብዙ ድካም ባስጨረሱለት ማመልከቻም በጁላይ 25 ቀን 2000 የብሪታኒያ ዜግነት ተሰጠው፣ ዜግነቱም የተጻፈው በሞሐመድ ፋራህ ስም ነበር።

በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ሎንዶን ውስጥ ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የተባለች የስምንት ዓመት ሕፃን ሞታ ነበር። ቪክቶሪያ ከአይቮሪ ኮስት የመጣችው ትምህርት ቤት ትገባለች በሚል ተስፋ ወላጆቿ ለአባቷ አክስት አደራ ሰጥተዋት ሲሆን፣ እርሷም የተጓዘችው በሌላ ልጅ ፓስፖርትና ስም ነበር። አክስቲቱና አብሯት ይኖር የነበረው ሰው ለወራት ካሠቃዩአት በኋላ ሞተች፤ ሁለቱም በ2001 በግድያ ወንጀል ተፈረደባቸው። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ የጠየቀው ጥያቄ ልጅቱ ለምን አልተናገረችም የሚል ሳይሆን ሐኪሞች፣ ፖሊሶችና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች እያዩአት ለምን አላዩአትም የሚል ነበር፤ በሎርድ ላሚንግ የተመራው አጣሪ ጉባኤ በጃንዋሪ 2003 ባወጣው ዘገባም ተቋማቱ በተደጋጋሚ የነበራቸውን ዕድል እንዳሳለፉ አረጋገጠ፤ የ2004 የሕፃናት ሕግም ይህን ተከትሎ ወጣ። የሁለቱ ልጆች መነሻ ተመሳሳይ ነው፤ አንዱን የዓለም ሻምፒዮን ሌላዋን የአጣሪ ጉባኤ ርዕስ ያደረጋቸው በመካከል የተነሣ አንድ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ፋራህ ወደ ዓለም መድረክ ሲወጣ የኢትዮጵያ የአትሌቲክስ ወዳጆች ከማንም ቀድመው ካወቁት ውስጥ ነበሩ። በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ቀድሞት ወርቁን የወሰደው ኢብራሂም ጄይላን ነበር፤ በ2012 በሎንዶን ኦሊምፒክ ግን ፋራህ ታሪኩ በቀለ ሦስተኛ በወጣበት 10,000 ሜትርና ደጀን ገብረመስቀል ሁለተኛ በሆነበት 5,000 ሜትር ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ፤ ከአራት ዓመት በኋላም በሪዮ ይህንኑ ደገመ። የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ያገኘበት የኦገስት 4 ቀን 2012 ምሽት ብሪታኒያ በአንድ ስታዲየም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት የአትሌቲክስ ወርቅ ያገኘችበት በመሆኑ፣ ከሶማሊያ የመጣው ሙስሊም ሯጭ የአዲሲቷ ብሪታኒያ ምልክት ሆኖ ተነገረለት። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ የያዘው ታሪክ፣ በ2013 በታተመው የሕይወት ታሪኩም የሰፈረው፣ በሞቃዲሾ ተወልዶ በስምንት ዓመቱ ከእናቱ ጋር እንግሊዝ ይሠራ ወደነበረው አባቱ መጣ የሚል ነበር።

ይህ የተሠራ ታሪክ ለምን ያን ያህል ዘመን ሳይፈተሽ ቆየ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሕግ በኩል ሲታይ፣ የ1981 የብሪታኒያ የዜግነት ሕግ በማታለል የተገኘ ዜግነት ሊነጠቅ እንደሚችል ስለሚደነግግ፣ እውነቱን መናገር ፓስፖርቱን፣ አገሩንና ልጆቹ የሚያድጉበትን ቤት የሚያሳጣው መስሎ ሊታየው ይችል ነበር። ደስታውን ከእርሱ ጋር የተካፈለው ሕዝብም ከእናት ጋር ወደ አባት ቤት የሚሄድ ንጹሕ የስደት ታሪክ ስለተመቸው ተጨማሪ ነገር አልጠየቀም። በጃንዋሪ 2017 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ሶማሊያን ጨምሮ የሰባት አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ ትእዛዝ ባወጡ ጊዜ፣ በኦሬጎን ከቤተሰቡ ጋር ይኖር የነበረው ፋራህ በዚያው ወር መጀመሪያ ንግሥቲቱ የሰርነት ማዕርግ እንደሰጠችው፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ባዕድ እንደተደረገ በአደባባይ ጽፎ ነበር። የወረቀት ጉዳይ ለአንድ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ቃል መሆኑን ግን በጊዜው ከቅርብ ሰዎቹ በቀር የተረዳ አልነበረም።

በ2022 የጸደይ ወራት የብሪታኒያ ፖለቲካ በስደተኞች ጉዳይ ተወጥሮ ነበር። በኤፕሪል 14 መንግሥቱ በጀልባ የሚገቡ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ የመላክ ዕቅዱን አስታወቀ፤ በዚያው ወር በ28ኛው ቀን ከላይ የተጠቀሰው የዜግነትና የድንበር ሕግ ጸደቀ፤ በጁን 14 ሊነሣ የነበረው የመጀመሪያው የሩዋንዳ በረራም በአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተስተጓጎለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በጁላይ 7 ሥልጣን እንደሚለቁ ካስታወቁ በኋላ በምትካቸው ለመመረጥ የተነሡት የፓርቲያቸው ሰዎች በድንበር ጥብቅነት እየተፎካከሩ ባሉበት ሳምንት፣ በጁላይ 11፣ ቢቢሲ ያዘጋጀው ዘጋቢ ፊልም ይዘት ለሕዝብ ይፋ ሆነ፤ ፊልሙም ከሁለት ቀን በኋላ ተላለፈ። ፋራህ በዚህ ፊልም በሶማሊላንድ መወለዱን፣ ወላጆቹ በብሪታኒያ ኖረው እንደማያውቁና እውነተኛ ስሙ ሁሴን መሆኑን ተናገረ፤ ለመናገር ያነሣሡትም ልጆቹ እንደሆኑ ገለጸ። በፊልሙ ላይ የቀረቡ ጠበቃ ዜግነቱ በሐሰት መግለጫ የተገኘ ሊባል እንደሚችል ሲያስረዱት መታየቱ፣ ተመልካቹ ታሪኩን እንደ አለፈ ነገር ሳይሆን ገና አደጋ እንዳለበት ነገር እንዲሰማ አደረገው።

ምላሹ በሰዓታት ውስጥ መጣ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በፋራህ ላይ ምንም ዓይነት እርምጃ እንደማይወሰድና ከዚህ የተለየ መናገር ስሕተት እንደሆነ አስታወቀ፤ የሚኒስቴሩ የሥራ መመሪያም ልጅ ወላጁ ወይም አሳዳጊው ለፈጸመው ማታለል ተባባሪ እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ራሳቸው በ11 ዓመታቸው ከኢራቅ የተሰደዱት የገንዘብ ሚኒስትሩ ናዲም ዛሃዊ ታሪኩ ልብ የሚሰብር መሆኑን ሲናገሩ፣ የሎንዶን ከንቲባ ሳዲቅ ካን ፋራህን ታላቅ ብሪታኒያዊ ሲሉ አወደሱት። የሎንዶን ሜትሮፖሊታን ፖሊስ በጁላይ 14 በልዩ መርማሪዎች አማካይነት ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ግን በሂደት ላይ ያለ ምርመራ እንደሌለ ገለጸ። ሕዝቡ በምስክሩ ድፍረት ላይ ያፈሰሰው ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ወንጀሉ ያለው ጥያቄ ከምስክሩ ያነሰ ትኩረት ማግኘቱ ሊያሳዝን ይገባል።

ተቃራኒ ድምፅም አልጠፋም። ከዚህ በፊት የተናገረውን የቤተሰብ ታሪክ እየጠቀሱ ለምን ዋሸ ያሉ፣ ዝነኛ ባይሆን ይህ ይቅርታ ይደረግለት ነበርን ያሉም ነበሩ። የመጀመሪያው ጥያቄ የልጅን ዝምታ ከጎልማሳ ውሸት ጋር የሚያደባልቅ ሲሆን ሁለተኛው ግን፣ ጠያቂው በምንም ስሜት ይጠይቀው፣ ከባድና ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። በብሪታኒያ ለሚኖሩ ሶማሌዎች በጦርነቱ ዘመን በሌላ ሰው ሰነድ መጓዝ ከአንድ ቤተሰብ በላይ የሚያውቀው ነገር በመሆኑ፣ ፊልሙ ስለ አንድ ሯጭ ብቻ የሚናገር አልነበረም። ከሶማሊያ ተለይታ በ1991 ነፃነቷን ብታውጅም በዚያን ጊዜ ዓለም አቀፍ እውቅና ላልነበራት ለሶማሊላንድ ሕዝብ ደግሞ የአገሩ ስም በዚህ ሰው አፍ መጠራቱ ራሱን የቻለ ትርጉም ነበረው።

የዝነኛ ባይሆንን ጥያቄ ለመመለስ የአገሪቱን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል። ከ2009 ጀምሮ በብሪታኒያ በሰው መነገድ ተጎድቷል ተብሎ የሚጠረጠር ሰው ለመንግሥት ተመዝግቦ ተጎጂ መሆን አለመሆኑ የሚወሰንበት ብሔራዊ ሥርዓት አለ። በ2021 በዚህ ሥርዓት ከቀረቡት 12,727 ሰዎች መካከል 5,468ቱ፣ ማለትም ከመቶ 43ቱ፣ ጉዳት ደርሶብናል ያሉት በልጅነታቸው ነበር። እንግዲህ የዜግነትና የድንበር ሕጉ እንዲህ ላለ ሰው ጥገኝነት ሲጠይቅ የደረሰበትን ሁሉ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲገልጽ ማስታወቂያ እንዲሰጠው፣ በቂ ምክንያት ሳይኖረው ዘግይቶ ከገለጸም መዘግየቱ በተአማኒነቱ ላይ እንዲቆጠርበት ያዝዛል። የፋራህ ታሪክ ግን የሚያሳየው፣ ከተናገርህ ይወስዱሃል ተብሎ ያደገ ልጅ ዝም የሚለው ጉዳት ስላልደረሰበት ሳይሆን ጉዳቱ ራሱ ዝምታን ስላስተማረው መሆኑን ነው፤ በዝና፣ በሀብትና በቤተሰብ ፍቅር ተከብቦ እንኳ ለመናገር ሠላሳ ዓመት ያስፈለገው ሰው እንዲህ ከሆነ፣ በባዕድ አገር የመጀመሪያ ሳምንቱን የሚያሳልፍ የ15 ዓመት ልጅ በቀጠሮ ቀን እንዲናገር መጠበቅ ፍትሕ አይደለም። ፋራህም ራሱ እንደ እርሱ ያሉ ልጆች ይህን ያህል ብዙ መሆናቸውን ያውቅ እንዳልነበረ፣ ከእነርሱ የተለየው በዕድል መሆኑን ተናግሯል።

ከፊልሙ በኋላ የመጡት ወራት ሕዝባዊው ርኅራኄ ወደ ሕግ እንዳልተሻገረ አሳዩ። በኦክቶበር 2022 አዲሷ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሱዌላ ብራቨርማን የ2015ቱን የዘመናዊ ባርነት ሕግ ስደተኞች አላግባብ እየተጠቀሙበት ነው ብለው ተከራከሩ። በጃንዋሪ 2023 ሚኒስትር ዴኤታው ሮበርት ጄንሪክ ለፓርላማ እንደገለጹት፣ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ያለ ወላጅ የመጡ 4,600 ልጆች በሆቴሎች እንዲቀመጡ ተደርጎ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል በዚያን ቀን 200ዎቹ የት እንዳሉ አይታወቅም ነበር። ከጠፉት አብዛኞቹ ከአልባኒያ የመጡ ወንዶች ልጆች ነበሩ። የጠፋ ልጅ ለበዝባዦች የተመቸ ልጅ መሆኑን የሕፃናት ድርጅቶች ቢያስጠነቅቁም፣ ዜናው አንድ ሳምንት ያህል ከተነገረ በኋላ በሌላ ዜና ተተካ፤ ለአንዱ ልጅ አገር ሁሉ ያለቀሰው ከስድስት ወር በፊት መሆኑ ሲታሰብ ልዩነቱ ያማል። በጁላይ 2023 ከፍተኛው ፍርድ ቤት እነዚህን ልጆች በተለምዶ በሆቴል ማስቀመጥ ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ። በዚያው ወር የጸደቀው የሕገ ወጥ ስደት ሕግ ደግሞ ያለ ፈቃድ የገቡ ሰዎችን ለዘመናዊ ባርነት ተጎጂዎች ከተሰጠው ጥበቃ የሚያስወጣ ድንጋጌ ይዞ መጣ፤ የ2015ቱን ሕግ ያወጡት የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ በገዛ ፓርቲያቸው መንግሥት ላይ ተነሥተው ሕጉ ተጎጂዎችን በበዝባዦቻቸው እጅ እንደሚተው ተናገሩ።

ፋራህ በሴፕቴምበር 2023 በሰሜን እንግሊዝ የመጨረሻ ውድድሩን ሮጦ ከስፖርቱ ተሰናበተ። በኖቬምበር ወርም ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደሩ አድርጎ ሾመው፤ በዚሁ ወር በ15ኛው ቀን የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሩዋንዳውን ዕቅድ በሙሉ ድምፅ ሕገ ወጥ አለው። ታሪኩን ዘግይቶ የተናገረ ተጎጂ እንዲጠረጠር ያዘዘው የ2022ቱ ሕግ አንቀጽ ግን የዚያ ክርክር ጭብጥ ስላልነበረ በውሳኔው አልተነካም።